ለበዓል ከቤት ሲርቁ ቤትን ከሌባ መጠበቅ፦ በሮቤ፣ በጎባና በባሌ ደጋ

ከባሌ ዞን ዋና ከተማ ከሮቤ ተነስቶ በዲንሾ፣ በአዳባና በዶዶላ አድርጎ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። በዓልን ከወላጆቹ ጋር ለማሳለፍ ወደ መሐል አገር የተጓዘ አባወራ የቤቱ በር መሰበሩን በስልክ ቢሰማ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ካልሆነ በስተቀር ተመልሶ ሊደርስ አይችልም። ወደ ቆላው ለወረደውም ቢሆን መመለሱ ቀላል አይደለም። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አቋርጦ የሚያልፍ በመሆኑ፣ በጉምና በዝናብ ወቅት ጉዞው አዝጋሚ ነው። በመሆኑም ቤትን ከስርቆት የመጠበቁ ሥራ ሻንጣ ከመታሰሩ ቀናት ቀደም ብሎ ሊጀመር ይገባል።

ቤት ባዶ የሚሆንባቸው ወቅቶች

በባሌ ደጋ ከተሞች ቤት ያለ ጠባቂ የሚቀርባቸው ቀናት አስቀድመው የሚታወቁ ናቸው። በኢድ አልፈጥርና በአረፋ ማለዳ ቤተሰቡ በአንድነት ወደ ሶላት ሜዳ ይወጣል። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦት አጅቦ የወጣው ሕዝብ ሌሊቱን በጥምቀተ ባሕሩ የሚያድርበት ጊዜ አለ። ለመስቀል ወደ ትውልድ ቀያቸው የሚጓዙ የጉራጌ ተወላጆች፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ለሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የሚሄዱ ምእመናን፣ እንዲሁም በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚተሙ ተጓዦች ቤታቸውን ለቀናት ዘግተው ይሄዳሉ። በሮቤ የሚገኘው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ሠራተኞችም በክረምቱ የዕረፍት ጊዜ ወደየቤተሰቦቻቸው የሚጓዙ በመሆኑ፣ በርካታ የኪራይ ቤቶች ተዘግተው ይሰነብታሉ።

እነዚህን ቀናት ነዋሪው እንደሚያውቃቸው ሁሉ ሌባውም ያውቃቸዋል። ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ የመኸሩ ነው። ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመረትበት አካባቢ ሲሆን፣ ገበሬው «ገና» እና «ቦና» ብሎ የሚጠራቸው ሁለት የምርት ወቅቶች አሉ። የቦናው ስንዴና ገብስ የሚሰበሰበው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በመሆኑ ወቅቱ ከቁልቢ፣ ከገናና ከጥምቀት በዓላት ጋር ይገጥማል። በሲናና፣ በአጋርፋና በጎሮ ወረዳዎች ኮምባይነር አጭዶ የወቃውን እህል በጆንያ ሞልቶ ቤቱ ያከማቸ ወይም ሸጦ ጥሬ ገንዘቡን ሣጥን ውስጥ የቆለፈ ቤተሰብ፣ ዓመቱን ሙሉ የደከመበት ሀብት ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ባለበት ሰዓት ነው ለበዓል የሚወጣው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ አንድ ሌሊት የሚፈጸም ስርቆት የሚቀጥለውን ዓመት ዘር፣ ማዳበሪያና የልጆች ትምህርት ወጪ ይዞ የሚሄድ ነው።

ሌባ ባዶ ቤትን በምን ያውቃል?

ሎውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን የተባሉ አሜሪካውያን የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ስርቆት እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ መገናኘት እንዳለባቸው አስረድተዋል። እነዚህም ለመስረቅ የተዘጋጀ ሰው፣ የሚያጓጓ ንብረትና የጠባቂ አለመኖር ናቸው። የመጀመሪያውን የቤቱ ባለቤት ሊለውጠው አይችልም። ሁለተኛውን ሊቀንሰው ይችላል። ሦስተኛው ግን በአብዛኛው በእጁ ያለ ነው። ጠባቂ ሲባልም የግድ ዱላ የያዘ ዘበኛ ማለት አይደለም፤ ቤቱን የሚያይ ዓይን ካለ ያ ዓይን ጠባቂ ነው።

የባለቤቱን አለመኖር የሚያጋልጡ ምልክቶች እንደየአካባቢው ይለያያሉ። በሮቤና በጎባ ዋነኛው ምልክት በግቢው በር ላይ ከውጭ በኩል የተንጠለጠለ ጓጉንቸር ነው። ቀን ከውጭ የተቆለፈ በር ባለቤቱ ወደ ሥራ መሄዱን ሊያመለክት ይችላል፤ ማታም ከውጭ እንደተቆለፈ ከሆነ ግን ውስጥ ሰው እንደሌለ ያለ ጥርጥር ይናገራል። ማለዳ ከማድ ቤት ጢስ የማይወጣበት ግቢ፣ ለቀናት ከገመድ ላይ ያልተነሳ ልብስ፣ ምሽት ላይ የማይበራ መብራት ወይም ቀንም ሌሊትም ሳይጠፋ የሚበራ አምፖልም ተመሳሳይ መልእክት ያስተላልፋሉ። በዝናብ ወቅት ደግሞ ብዙዎች የማያስተውሉት ምልክት አለ። በደጃፉ ጭቃ ላይ የሰው ዱካ የሌለበት ቤት ሰው እንዳልገባበትና እንዳልወጣበት ከመንገድ ላይ ሆኖ መለየት ይቻላል።

የባሌ ደጋ አየር ጠባይም ለሌባ የሚመች ጎን አለው። ምሽቱ ቀዝቃዛ በመሆኑ ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል፤ በሩንና መስኮቱንም ይዘጋል። በክረምት ጉም ሲወርድ የጎረቤትን አጥር ማየት ያዳግታል። ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ብረት ሲፈለቀቅ የሚሰማውን ድምፅ ይውጠዋል። ስለዚህ በክረምት ከቤት የሚርቅ ሰው «ጎረቤት ይሰማል» በሚል ብቻ ሊተማመን አይገባም።

በር ብቻውን ቤት አይጠብቅም

ቤት ሰብሮ የሚገባን ሌባ አማርኛው ከጥንት ጀምሮ «ሰርሳሪ» ይለዋል። ስያሜው የመጣው ግድግዳን ሰርስሮ ከመግባት ነው፤ ዛሬም ከባሌ ደጋ ቤቶች ለብዙዎቹ ትርጉሙን አላጣም። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት ባለቤት ውድ ቁልፍ ገዝቶ በሩ ላይ ቢያስገጥምም፣ በጓሮ በኩል ያለው ምርጊት ረግፎ ማገሩ ከታየ ሌባው ከበሩ ጋር የሚታገልበት ምክንያት የለውም። ከጉዞ በፊት ቤቱን ዙሪያውን ዞሮ ማየት፣ የተሰነጠቀውን መመረግ፣ ከመሬት ጋር የሚገናኘውን የግድግዳ ክፍል በድንጋይ ወይም በብሎኬት ማጠናከር ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው። በተለይ ወደ ጓሮና ወደ መጸዳጃ ቤት የሚያየው ግድግዳ ከመንገድ የማይታይ በመሆኑ ትኩረት ያሻዋል።

የጣሪያውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ቆርቆሮው በጥቂት ሚስማር ብቻ የተመታ ከሆነ ጫፉን ይዞ ማንሳት አያስቸግርም፤ ከሥሩ ያለው ኮርኒስም ከላይ የሚመጣን ሰው አይከለክልም። ጣሪያ ላይ መውጫ የሚሆን መሰላል፣ በርሜል፣ የተከመረ አጣና ወይም ከቤቱ ጋር የተጠጋ ዛፍ ካለ ማንሳት ወይም መመልመል ይገባል። መጥረቢያ፣ ዶማ፣ አካፋና የብረት ዘንግ ደጅ ጥሎ መሄድም ለሌባ መሣሪያ ማዘጋጀት ነው።

ወደ በሩ ስንመለስ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሸነፈው ጓጉንቸሩ አይደለም፤ የሚንጠለጠልበት ብረት ነው። ብረቱ በአጫጭር ቪቴዎች ብቻ የታሰረ ከሆነ በካቻቢቴ ይፈታል፤ በዘንግም ይፈለቀቃል። ይህን ብረት በሩን አልፎ በሚወጣ ቡሎን አስሮ ዳዶውን ከውስጥ በኩል ማጥበቅ ወይም በሩ ላሜራ ከሆነ ማስበየድ የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ጥሩ ጓጉንቸር ዋጋ የሚበልጥ አይሆንም። ማጠፊያዎቹ ወደ ውጭ የሚታዩ ከሆነ መካከለኛው ዘንግ ተመዝዞ በሩ ከነቁልፉ ሊነሳ ስለሚችል፣ እነርሱንም በብየዳ ማሳሰር ይመከራል። የግቢው በር ከውስጥ በኩል የሚቆለፍበት መንገድ ቢዘጋጅና አንድ የታመነ ሰው በጎረቤት ግቢ በኩል እንዲወጣ ቢደረግ፣ ከላይ የተጠቀሰው የውጭ ጓጉንቸር ምልክት ይጠፋል። ይህ ከሁለት ቤት ስምምነት በቀር ምንም ወጪ የማይጠይቅ ዘዴ ነው።

መስኮት በብረት ፍርግርግ ቢሸፈን ጥሩ ነው። ሆኖም ሁሉንም መስኮቶች ከውጭ በማይከፈት ፍርግርግ የዘጋ ሰው፣ እሳት ቢነሳ ቤተሰቡ የሚወጣበትን መንገድ አብሮ መዝጋቱን ሊያስብበት ይገባል። ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ ከውስጥ በቁልፍ የሚከፈት መሆን ይኖርበታል።

መብራትን በተመለከተ፣ ቀን ራሱን በፀሐይ ኃይል ሞልቶ ማታ የሚበራ አነስተኛ መብራት በአሁኑ ወቅት በገበያ ላይ ይገኛል። የኤሌክትሪክ ኃይል ቢቋረጥም የማይጠፋ በመሆኑ ከተራ አምፖል ይመረጣል። በጉም በተሸፈኑ የክረምት ቀናት ግን በበቂ ሁኔታ ላይሞላ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል።

ጎረቤት፣ ዕድርና አደራ

በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በተባለች ከተማ ኪርክሆልት በሚባል የመኖሪያ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ቤት ሰብሮ መስረቅ እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው ፕሮጀክት ጥናት ሲያካሂድ አንድ ጊዜ የተሰረቀ ቤት እንደገና የመሰረቅ ዕድሉ ከሌላው ቤት የላቀ መሆኑን አረጋገጠ። መፍትሔውም በተሰረቀው ቤት ዙሪያ ያሉ ጥቂት ጎረቤቶች ቤቱን በዓይን እንዲጠብቁና ያዩትን እንዲናገሩ ማደራጀት፣ የቤቱን ደካማ ቦታዎች ማጠናከርና ጥሬ ገንዘብ የሚጠራቀምባቸውን የሳንቲም ቆጣሪዎች ማንሳት ነበር። በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ በሰፈሩ ቤት ሰብሮ መስረቅ በ75 በመቶ ቀነሰ። እንግሊዞቹ በፕሮጀክት ያቋቋሙትን የጎረቤት ክትትል የእኛ አገር ነዋሪ በቡና፣ በዕድርና በጉርብትና አስቀድሞ የያዘው መሆኑን ለመጥቀስ እንወዳለን። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለውም በከንቱ አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው አደራው በደፈናው ሲሰጥ ነው። «ቤቱን አደራ» ብሎ መሄድ ብቻውን በቂ አይደለም። ጎረቤቱ በትክክል ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ ተነጋግሮ መለየት ያስፈልጋል። ማታ መብራት አብርቶ ማለዳ እንዲያጠፋ፣ ደጁን እንዲጠርግ፣ በየሁለት ቀኑ በጓሮ በኩል ዞሮ ግድግዳውንና ጣሪያውን እንዲያይ፣ ልጆቹ በግቢው እንዲጫወቱ፣ ቢቻልም አንድ ሰው ሌሊት በቤቱ እንዲያድር መስማማት ይቻላል። የቤቱ ባለቤት የሚገኝበት ስልክ፣ የቅርብ ዘመድ ስልክና የአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ስልክ በወረቀት ተጽፎ ለጎረቤቱ ሊሰጥ ይገባል። ቁልፍን ከድንጋይ ሥር፣ ከበሩ መቃን በላይ ወይም ከአበባ ማሰሮ ውስጥ መደበቅ ፈጽሞ አይመከርም፤ ባለቤቱ የሚያስበውን የመደበቂያ ቦታ ሌባውም ያስበዋል።

በባሌ ከተሞች ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን የሚኖሩ መሆናቸው ለዚህ ዓይነቱ ጥበቃ ልዩ ምቹነት አለው። የአንዱ በዓል ለሌላው ከቤት የሚወጣበት ቀን አይደለም። ክርስቲያኑ ለከተራ ሲወጣ ሙስሊሙ ጎረቤት ቤቱ ነው፤ ሙስሊሙ ለኢድ ሶላት ሲሄድ ወይም ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን ሲጓዝ ክርስቲያኑ ከደጁ አይርቅም። ቁልፍ በዚህ መልክ የሚለዋወጡ ጎረቤቶች ለሁለቱም በዓላት ጠባቂ አገኙ ማለት ነው። ሁሉም ቤተሰብ በአንድ ቀን በሚወጣበት መንደር ግን በጉዳዩ ላይ በዕድር ስብሰባ መነጋገርና በየተራ የሚጠብቁ ሰዎችን መመደብ ተገቢ ይሆናል። ሮንድ ባለበት ሰፈር ቤቱ ከመቼ እስከ መቼ ባዶ እንደሚሆን ለተረኞቹ ማሳወቅ፣ ከማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ባልደረባም ጋር መነጋገር ይጠቅማል።

ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛ ትተው የሚሄዱ ደግሞ በሚቀጥሩበት ጊዜ የመታወቂያ ቅጂና ፎቶግራፍ መቀበልን፣ አድራሻው የሚታወቅ ተያዥ መጠየቅን ሊዘነጉ አይገባም። ይህ ሠራተኛውን መናቅ አይደለም። ስርቆት ቢፈጸም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቤት ውስጥ የቀረው ሰው በመሆኑ፣ የተሟላ ሰነድ ለንጹሑ ሠራተኛም መከላከያው ነው። ሠራተኛው ብቻውን እንዳይሆንና ማን መግባት እንደሚፈቀድለት በግልጽ እንዲያውቅ ማድረግም የአሠሪው ኃላፊነት ነው።

ውሻ

ውሻ ከጥንት ጀምሮ የታመነ ጠባቂ ነው፤ በባሌ ግን ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባለቤቱ ሲሄድ ምግብ ሳይዘጋጅለት የሚቀር ውሻ አጥር ዘሎ ይወጣል፤ ከባዘኑ ውሾች ጋርም ይቀላቀላል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአገራችን ብቻ የሚገኘው የቀይ ቀበሮ ዋነኛ መኖሪያ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያው ይኖራሉ። ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በ1984 ዓ.ም. እና በ1996 ዓ.ም. ቀበሮዎቹን ክፉኛ ጎድቷል። በሁለተኛው ወረርሽኝ በወብ ሸለቆ ይኖሩ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። በሽታው ሰውንም የሚገድል መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ውሻን ትቶ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ሊያስከትበው፣ በየቀኑ ምግብና ውኃ የሚሰጠው ሰው ሊመድብለት ይገባል። የተራበ ውሻ ጠባቂ ሊሆን አይችልም፤ እንግዳ በሚወረውርለት ሥጋም በቀላሉ ይታለላል።

ከቤት መውጣት ያለበት ንብረት

ጥሬ ገንዘብን በቤት የማቆየት ልማድ በገጠሩም በከተማውም አልተወገደም። በ2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች በተቀየሩበት ወቅት በየቤቱ ተቀምጦ የነበረ ገንዘብ ወደ ባንክ መውጣቱ የሚታወስ ነው። በዚያው ዓመት ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብን በስልክ ማንቀሳቀስ የተቻለ በመሆኑ፣ ለጉዞ ከሚያስፈልገው በላይ ጥሬ ገንዘብ መያዝም ሆነ ቤት መተው አስፈላጊነቱ ቀንሷል። የእህል ሽያጭ ገንዘብ ከጉዞ በፊት ባንክ መግባት አለበት። የስልክ የምስጢር ቁጥርን ጽፎ ሣጥን ውስጥ መተው ግን ገንዘቡን ራሱን ከመተው አይለይም።

የወርቅ ጌጣጌጥ፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የትምህርት ማስረጃና የተሽከርካሪ ሊብሬ ከታመነ ዘመድ ዘንድ በአደራ ማስቀመጥ ይቻላል። አደራ በልማድ ብቻ ሳይሆን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የተደነገገ ውል ነው። ስለሆነም የተሰጠውን ዕቃ ዝርዝር በሁለት ቅጂ ጽፎ መፈራረም ዝምድናን አይጎዳም፤ እንዲያውም በኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ያድነዋል። ከብቶችና ፈረሶች በባዶ ግቢ ሊተዉ የሚችሉ አይደሉም። እህሉን ማንሳት የማይቻል ከሆነ ጆንያዎቹን ቆጥሮ መመዝገብና ከበሩ ርቆ እንዲከመር ማድረግ ለሌባው ጊዜ የሚወስድ ሥራ ይሆንበታል።

ለቴሌቪዥን፣ ለላፕቶፕና ለመሳሰሉት ዕቃዎች በጀርባቸው ላይ ያለውን መለያ ቁጥር በማስታወሻ መያዝና ፎቶግራፍ ማንሳት ይገባል። የእጅ ስልክ መለያ ቁጥር *#06# በመደወል ስክሪኑ ላይ ይታያል። ይህ መዝገብ ከቤቱ ውጭ መቀመጥ እንዳለበት መናገር አያስፈልግም።

የጉዞን ወሬ አስቀድሞ መንዛትም ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። በመናኸሪያ ወረፋ ይዞ «ሁላችንም ወጥተናል፣ የምንመለሰው ከሳምንት በኋላ ነው» እያሉ በስልክ መነጋገር ወይም ፎቶግራፍን ከጉዞው ቦታ በፌስቡክና በቴሌግራም ማሰራጨት ቤቱ ባዶ መሆኑን ለማያውቁት ሰው ሁሉ ማስታወቅ ነው። ፎቶግራፉ ከተመለሱ በኋላም ይደርሳል።

በተቃራኒው አንዳንዶች ከሚገባው በላይ ይሄዳሉ። በአጥር ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያገናኙ ወይም ወጥመድ የሚያዘጋጁ ሰዎች መኖራቸው ይሰማል። ሽቦ ሌባን ከጎረቤት ልጅ፣ ቤቱን ለማየት ከመጣ ባለአደራም አይለይም። የወንጀል ሕጉ ለሕጋዊ መከላከል የሚሰጠው መብት ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን እንዳለበት የሚደነግግ በመሆኑ፣ በዚህ መንገድ ሰው ቢሞት ወይም ቢጎዳ የቤቱ ባለቤት ከወንጀል ተጠያቂነት አያመልጥም።

ስርቆት ተፈጽሞ ከተገኘ

ከጉዞ ሲመለሱ በሩ ተሰብሮ ወይም ግድግዳው ተሰርስሮ ከተገኘ ወደ ውስጥ መግባት አይገባም። ሌባው አሁንም ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ የተበተነውን ዕቃ ማንሳት ሲጀምርም የጣት አሻራና በጭቃው ላይ የታተመው ዱካ ይጠፋል። ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ ማንም እንዳይረግጠው ዱካውን በሳፋ ወይም በፕላስቲክ መሸፈን በባሌ ዝናብ ወቅት ትልቅ ጥቅም አለው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆትን በአንቀጽ 669 ይደነግጋል። ቤት ሰብሮ የሚፈጸም ስርቆት በከባድ ስርቆት ሥር የሚታይ ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም መገመት ሲገባው ዕቃውን የገዛ፣ የደበቀ ወይም ያሻሻጠ ሰው ደግሞ በአንቀጽ 682 መሠረት በመሸሸግ ወንጀል ይጠየቃል። ይህ ድንጋጌ በበዓል ሰሞን ያለ ደረሰኝና ከዋጋው በታች ቴሌቪዥን የሚገዙ ሰዎችን በቀጥታ የሚመለከት ነው።

የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ሆነ የግል የመድን ኩባንያዎች ቤት ሰብሮ ለሚፈጸም ስርቆት ዋስትና ይሸጣሉ። ውሉን የሚገባ ሰው ቤቱ ለስንት ቀን ሰው ሳይኖርበት ቢቆይ ዋስትናው እንደሚቋረጥና የመሰበር ምልክት ማሳየት ግዴታ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ሊያነብ ይገባል። በረጅም ጉዞ ወቅት ክርክር የሚነሳው በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ላይ ነው።

ፖሊስ ምርመራውን እንደጨረሰ የተሰረሰረው ግድግዳ በዚያው ቀን ተመርጎ መዘጋት፣ ቁልፉም መለወጥ አለበት። በኪርክሆልት እንደታየው ሌባ አንድ ጊዜ የቀናውን ቤት መንገዱንም የቀረውን ዕቃም ስለሚያውቅ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የጠፋው ንብረት ዝርዝር ከመለያ ቁጥሩና ከደረሰኙ ጋር ለመርማሪው መሰጠት ይኖርበታል። ንብረቱ ቢያዝ በኤግዚቢትነት በፖሊስ እጅ የሚቆይ ሲሆን፣ ባለቤቱ የራሱ መሆኑን አስረድቶ የሚረከበው በዚሁ ማስረጃ ነው።